የገንዳው ኮንክሪት ተረጭቷል፤ ልስኑና ዴኩ ላይ ግን ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል

ባለጓሮው
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለወራት ዝም ብዬ ሳነባችሁ ነበር። ዛሬ ተራዬ ደረሰ።

ጓሯችን ውስጥ መዋኛ ገንዳ እያሠራን ነው። 8 ሜትር በ4 ሜትር ነው። ጥልቀቱ ከ1.20 ይጀምርና 1.80 ይደርሳል። ቁፋሮው አልቋል፣ ፌሮው ታስሯል፣ ኮንክሪቱ ከተረጨ ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው። እስካሁን ሁሉም ሰላም ነበር። ጠቡ የመጣው ፊኒሺንግ ላይ ነው።

ባለቤቴ ወለሉ ጥቁር እንዲሆን ትፈልጋለች። ውሃው እንደ መስታወት ዛፉን ሲያሳይ የሆነ ፎቶ ላይ አየች፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልታይ ብሏታል። ለእኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ገንዳ ማለት ሰማያዊ ሞዛይክ ነው። ከወጥ ቤቱ በር እስከ ገንዳው አፍ የእንጨት ዴክ (የውጭ የሳንቃ ወለል) እንዲሆን ግን ሁለታችንም ተስማምተናል። (ይህ በትዳራችን ብርቅ ነው።)

ኮንትራክተሩ "ምርጫችሁን ነገ ንገሩኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልስኑንም ዴኩንም ጎን ለጎን እጨርሰዋለሁ" ብሏል። እስቲ ምከሩኝ። ጥቁር ወይስ ሰማያዊ? ልስን ወይስ ሞዛይክ? ለዴኩስ የቱ እንጨት?

የልስን_እጅ
ልጄ፣ ቀለሙ ይቆይ። 12 ቀን ነው ያልከኝ? ሰውዬው ምን አስቸኮለው?

ኮንክሪት ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ይጠነክራል፣ እየደረቀም ይኮማተራል። ገና እየተኮማተረ ባለ ኮንክሪት ላይ ከለሰንክ፣ የኮንክሪቱን ስንጥቅ ልስኑ ይወርሰዋል። እኔ በዚህ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ተጠርቼ ከጠገንኳቸው ገንዳዎች ብዙዎቹ የተጣደፉ ናቸው። ጠብቅ። ደግሞ ውሃ እያጠጣችሁት ነው ወይ? ቢያንስ የመጀመሪያውን 7 ቀን እርጥበት ሊለየው አይገባም ነበር።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ከምርጫዎቹ ርካሹ ነጭ ሲሚንቶ ከእምነበረድ ዱቄት ጋር ተቦክቶ የሚለሰነው ነው። ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለእግር ልስልስ ያለ ነው፣ ግን ውሃው ኬሚካሉ ከተዛባ ቶሎ ይበላል። ከ7 እስከ 10 ዓመት ካገለገለህ ተመስገን በል። ቀጥሎ የኳርትዝ ቅንጣት የተቀላቀለበት ልስን አለ፤ ይሄኛው ጠንከር ይላል፣ ቀለሙም ይቆያል። ከዚያ ደቃቅ ጠጠር ያለው ይመጣል። ጠጠሩ እንዲታይ ላይ ላዩ ይታጠባል። ረጅም ዕድሜ አለው፣ ግን ለልጆች እግር ይሻክራል። ቀኑን ሙሉ ሲዘሉ የዋሉ ልጆች ማታ የእግራቸውን ጣት እያዩ ያለቅሳሉ። አይቻለሁ።

ሞዛይክ ከሁሉም ይበልጣል፤ ግን በአሠሪው ትዕግሥት ልክ ነው። የመስታወት ሞዛይክ ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ ከጀርባው ያለው ማጣበቂያ ነጭ ካልሆነ፣ ማጣበቂያውን የቀባው ባለጥርስ ማንኪያ የተወው መስመር ካልተደመሰሰ፣ ጉድለቱ ሁሉ ከፊት ይታያል። ከጀርባው ወፍራም መረብ የተለጠፈበትን ሉህ አልወድም። ማጣበቂያው መስታወቱን ሳይሆን መረቡን ይይዝና ከዓመታት በኋላ አንድ በአንድ ይረግፋል። ፊቱ ላይ ወረቀት ያለውን ፈልግ። ከሞዛይኩ በፊት ደግሞ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ተቀብቶ፣ ገንዳው በውሃ ተሞልቶ ይፈተሽ። ሞዛይክና ቦያካ (በሞዛይኩ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው) ውሃ አያስቆሙም። ይሄን የማያውቅ ሠራተኛ ካጋጠመህ በሰላም ሸኘው።

አላመንኩም
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? የፕላስቲክ ላይነር ቢያለብሱት ኖሮ ይሄኔ እየዋኙበት ነበር።

የልስን_እጅ
ኮንክሪቱ አንዴ ተረጭቷል እኮ ወንድሜ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው።

የመንትዮች_እናት
ስለ ጥቁሩ ወለል እኔ ልናገር። ውበቱን አልክድም። ግን ልጆች ካሏችሁ አስቡበት። ጥልቅ ውሃ፣ ጥቁር ወለል፣ ደመናማ ቀን ሲገናኙ ከታች ያለ ነገር አይታይም። እኔ ያየሁት በተከራየነው ቤት ነው። የልጄ ቀይ መጫወቻ 1.80 ጥልቀት ውስጥ ወድቆ ከዳር ቆሜ ላገኘው አልቻልኩም። መጫወቻ ስለነበር ሳቅን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የሚሰጥም ልጅ ፊልም ላይ እንደምናየው አይጮህም፣ እጁን አያወራጭም። ድምፅ የለውም። ስለዚህ ዓይናችን ወለሉን ማየት አለበት።

እግረ መንገዴን፣ ከታች ያለው የውሃ መምጠጫ ስንት ነው? አንድ ብቻ ከሆነ ከመለሰናችሁ በፊት ጠይቁ። ሁለት ሆነው፣ ቢያንስ 90 ሴንቲ ተራርቀው፣ ሰው ቢተኛበት የማይደፈን ክዳን ሊኖራቸው ይገባል። አሜሪካኖች መምጠጫ ሰው እንዳይዝ ሕግ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ሕጉ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ2002 መምጠጫ ይዟት በሞተች የ7 ዓመት ሕፃን ስም ነው። እናቷ ልታላቅቃት ታግላ አቅቷት ነበር። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ በሄድኩበት ገንዳ ሁሉ መጀመሪያ የማየው ታቹን ነው።

የባለጓሮው_ባለቤት
እኔ ነኝ ተከሳሿ። ስሜ ሲነሳ ሰምቼ ተመዘገብኩ።

አንደኛ፣ "ጥቁር" አላልኩም። ጠቆር ያለ ግራጫ ነው ያልኩት። ሁለተኛ፣ እሱ ሰማያዊ የሚለው ሞዛይክ የመታጠቢያ ቤት ነው የሚመስለው። የመንትዮች እናት ያለችው ግን አስደነገጠኝ። ልጃችን 5 ዓመቷ ነው። ከግራጫ ቀለል ያለስ ያንን የመስታወት መልክ ይሰጣል?

የልስን_እጅ
ይሰጣል እህቴ። ቀለሙን የሚሠራው ልስኑ ብቻ አይደለም። ውሃ ከብርሃኑ መጀመሪያ ቀዩን ይውጠዋል፣ ሰማያዊው ይተርፋል። ነጭ ልስን ውሃ ሲሞላ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይሆናል። መካከለኛ ግራጫ ጠለቅ ያለ ሰማያዊ ይሰጣል። የአሸዋ ቀለም ያለው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሰማያዊ ሳትገዙ ሰማያዊ ታገኛላችሁ ማለት ነው፤ ባለቤትሽም ደስ ይበለው።

በጣም ጠቆር ያለ ልስን ሌላም ችግር አለው። ከሲሚንቶው የሚወጣው ካልሲየም ነጭ ነው። በነጭ ላይ አይታይም። በጥቁር ላይ እንደ ፈሰሰ ወተት ያስታውቃል። ደንበኛ ሲጮህብኝ የኖረው ባብዛኛው በጥቁር ልስን ነው።

በካታሎግ አትምረጡ። የናሙናውን ቁራጭ ተቀበሉና በባልዲ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ጠዋት እዩት፣ ቀትር ላይ እዩት፣ ሊመሽ ሲል እዩት። ባልዲው ራሱ ነጭ ቢሆን ይሻላል። ጥልቀቱ ያው ገንዳውን አይሆንም፤ ቢሆንም ከደረቅ ናሙና በብዙ ይሻላል።

ሞራሌ
ዴኩን ለእኔ ተዉት፣ አናጺ ነኝ።

እንጨት ከመረጣችሁ ቲክ ወይም ኢፔ አይነት፣ በተፈጥሮው ዘይት ያለው ወይ ጠጣር የሆነ ውሰዱ። ለስላሳ እንጨት ከሆነ በፋብሪካ መድኃኒት የተነከረ ይሁን። ሳንቃዎቹ መካከል 5 ወይም 6 ሚሊ ክፍተት ይኑር፤ ውሃው ይውረድበት፣ እንጨቱም ሲያብጥ ቦታ ያግኝ። ከሥር ያለው ሞራሌ ከ40 ሴንቲ በላይ አይራራቅ። ከሁሉም በላይ ከሥሩ ነፋስ ይግባ። አፈር ላይ የተኛ ዴክ ከላይ እያማረ ከታች ይበሰብሳል።

ብሎኑ ላይ አትሰስቱ። ከማይዝጉትም ቢሆን 316 የሚባለው ይሁን፣ በተለይ የጨው ክሎሪነተር (ከጨው ክሎሪን የሚያወጣ መሣሪያ) ልታስገቡ ከሆነ። 304 ተብሎ የሚሸጠው በገንዳ ዳር ቡናማ እንባ ያወርዳል። በየብሎኑ ሥር ባለው እንጨት ላይ ያ እንባ ሲወርድ አያምርም።

ፕላስቲክና የእንጨት ዱቄት ተቀላቅሎ የሚሠራው አለ፤ አይበሰብስም፣ እሾህ አይወጋም። ግን ጠቆር ያለ ቀለም ከወሰዳችሁ በጠራራ ፀሐይ ባዶ እግር አያስኬድም። ልጆቹ ከውሃ ወጥተው እየዘለሉ ነው የሚያልፉበት። እኔ አንድ ቤት ከሠራሁ በኋላ ባለቤቶቹ ምንጣፍ አነጠፉበት። ዴክ ላይ ምንጣፍ!

አላመንኩም
ለገንዳ ዳር እንጨት ማለት ራስን ለባርነት መስጠት ነው። በየዓመቱ ቅባት፣ በየዓመቱ ማሸት። ሻካራ ፖርሰሊን አንጥፎ መገላገል ነው እንጂ።

ሞራሌ
ቅባቱን ካልፈለግክ ተወው፣ ግራጫ ይሆናል። ግራጫነት በሽታ አይደለም። ፖርሰሊኑ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አልክድም። ውሃ የመምጠጥ አቅሙ ከ0.5 በመቶ በታች ነው። ሻካራ ስትል ግን ምን ያህል? ሻጩ "አር 11 ነው" ይልሃል። ያ በጫማ የተለካ ነው። በባዶ እግር የሚለካው ሌላ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይባላል። ሰው ሳሙናማ ውሃ በሚፈስበት ተዳፋት ላይ በባዶ እግሩ አቁመው ነው የሚለኩት። ለገንዳ ዙሪያ ቢ ይበቃል። ውሃ ውስጥ ለሚገባ መውረጃ ደረጃ ሲ ይሁን።

ጠቅጥቀው
ሁላችሁም ጣሪያውን ቀለም እየቀባችሁ ነው። እኔ ስለ መሠረቱ ልጠይቅ።

ባለጓሮው፣ ዴኩ ከወጥ ቤቱ እስከ ገንዳው ነው ያልከው። በዚያ በኩል ያለው አፈር ያልተነካ ነው ወይስ የተሞላ? ኮንክሪት ሲረጭ አብዛኛውን ጊዜ በተቆፈረው አፈር ላይ በቀጥታ ስለሆነ ከግድግዳው ጀርባ ባዶ ቦታ አይኖርም። አፈሩ ተንዶ ከነበረ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ባለጓሮው
እንዴት አወቅክ? በቁፋሮው ሰሞን ዝናብ ጥሎ የቤቱ በኩል ተናደ። ሳንቃ አቁመው ነው የረጩት። ከዚያ ሳንቃውን አውጥተው የተቆፈረውን አፈር መልሰው ሞሉት። የቧንቧዎቹ ቦይም በዚያው በኩል ነው።

ጠቅጥቀው
በስንት ዙር ሞሉት? በምን ጠቀጠቁት?

ባለጓሮው
በአንድ ከሰዓት። ማሽኑ ገፍቶ ከተተው፣ ከላይ ሁለቴ ተመላለሰበት።

ጠቅጥቀው
አሁን ውጣና አንድ ቁራጭ 12 ቁጥር ፌሮ ፈልግ። ከገንዳው ግድግዳ ግማሽ ሜትር ራቅ ብለህ፣ የቧንቧው ቦይ የሌለበት ቦታ፣ በእጅህ ብቻ ወደ ታች ግፋው። በመዶሻ አትምታ። ስንት ሴንቲ እንደገባ ንገረኝ።

ባለጓሮው
አሁን ገባሁ። እጄ ጭቃ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 10 ሴንቲ ጠንካራ ነበሩ። ከዚያ እንደ ቂቤ ገባ። 70 ሴንቲ። በአንድ ቦታ ጭራሽ ባዶ ነገር አግኝቶ ከእጄ አመለጠ። ባለቤቴ በመስኮት ሆና "ምን እየወጋህ ነው?" ትለኛለች። ለማነጻጸር ከአጥሩ በኩል ሞከርኩ፤ 15 ሴንቲ ሳይሞላ ቆመ።

ጠቅጥቀው
እንግዲህ ቀለም ምረጥ። ሰማያዊም ሆነ ግራጫ፣ በዚያ አፈር ላይ የምታኖረው ሁሉ ይሰምጣል። ዘንድሮ ላይሆን ይችላል። ውሃ ይወርድበታል፣ አፈሩ ይረጋል፣ ዴኩ ወደ ገንዳው ወይ ወደ ቤቱ ያዘነብላል። የቧንቧው መጋጠሚያም አብሮ ይጎተታል። ያኔ ዴኩን ፈንቅለህ ነው የምትጠግነው።

የሚደረገው እንዲህ ነው። ያንን ሙሌት በእጅ አውጡት፤ ቧንቧ ስላለ ማሽን አይግባ። መልሳችሁ ስትሞሉ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ውፍረት በየዙሩ ይሁን፣ እያንዳንዱ ዙር በትንሿ መጠቅጠቂያ ይመታ። አፈሩ ጭብጥ ስታደርገው የሚይዝ፣ ሲጨመቅ ግን ውሃ የማያወጣ መሆን አለበት። አፈሩ ጥቁር መረሬ ከሆነ ተወው፣ የተፈጨ ድንጋይ አስመጣ። ትልቁን ማሽን ግድግዳው አጠገብ አታቅርቡ፤ ኮንክሪቱ ገና ልጅ ነው፣ ገንዳውም ባዶ ነው። የዴኩ ምሰሶዎች ደግሞ ሙሌቱን አልፈው ያልተነካው አፈር ላይ ይቁሙ።

ፌዝና_ኒውትራል
አፈሩ ከተከፈተ አይቀር እኔም ልግባ። ከፌሮው ጋር የታሰረ፣ ጫፉ ወጥቶ የተተወ የመዳብ ሽቦ አለ? ፌሮው፣ የፓምፑ አካል፣ መሰላሉ፣ የእጅ መደገፊያው፣ በዳር ያለ ብረት ሁሉ በአንድ መዳብ መገናኘት አለበት። ዓላማው ሁሉም ብረት እኩል ቮልቴጅ ላይ እንዲሆን ነው። እርጥብ ሰው አንዱን ብረት በእጁ፣ ሌላውን በእግሩ ሲነካ ልዩነት እንዳይኖር። ዴክ ከተሠራ በኋላ ይሄን መሥራት ሲኦል ነው። የውሃ ውስጥ መብራቱ 12 ቮልት ይሁን፣ መስመሩ 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ የአጎት ልጅ አይሁን።

ባለጓሮው
የአጎቴ ልጅ ነበር ሊሠራው። እሺ።

ባለጓሮው · ከ3 ሳምንት በኋላ
ተመልሻለሁ። ብዙ ነገር ሆኗል።

ኮንትራክተሩ መጀመሪያ አኮረፈ። "ኢንተርኔት ላይ ያለ ሁሉ መሐንዲስ ነው" አለ። ፌሮውን ሰጥቼ "ግፋው" አልኩት። ገፋው። ዝም አለ። በማግስቱ አራት ሰው ይዞ መጣ።

ከጉድጓዱ ምን ወጣ መሰላችሁ? ባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶች፣ የተሰባበረ ሳንቃ፣ አንድ ሙሉ ቦት ጫማ። አንድ ብቻ። ሁለተኛው የት እንደገባ አላውቅም። ከእነዚህ ሥር የውሃ መመለሻው ቧንቧ ሜትር ያህል ምንም ሳይደግፈው በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። ፌሮዬ ያመለጠው እዚያ ነበር።

ቧንቧው ተጋልጦ እያለ በግፊት አስፈተሽነው። ጠቋሚው 2 ባር ላይ ተደርጎ አደረ። ጠዋት ስናየው 1.2 ላይ ነው። አንዱ ክርን መጋጠሚያው ላብ ታህል ውሃ ያወጣል። ቆርጠው ቀየሩት፣ ደግመው ሞሉት፣ በሁለተኛው ቀን ጠቋሚው ንቅንቅ አላለም። ያ መጋጠሚያ ከወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከዴኩ መሃል ሥር ነበር የሚቀረው።

ጠቅጥቀው፣ ስምህን ለጠቅጣቂዋ ማሽን ሰጥተናታል።

ጠቅጥቀው
ክብር ነው። ቫልቮቹና መጋጠሚያዎቹ ባሉበት ላይ ሞራሌ የሚከፈት ክዳን ይሥራልህ። ፎቶም አንሳ፣ ሜትር ዘርግተህበት፣ ከመሸፈኑ በፊት።

ሞራሌ
ክዳኑን ከዴኩ ሳንቃ ጋር አንድ መስመር አድርጉት፣ ማንም አያውቀውም።

አንድ የረሳሁት አለ። ዴኩም ሆነ ድንጋዩ ከገንዳው ከንፈር፣ ከኮፒንጉ ጋር፣ አይጋጠም። በመካከል ክፍተት ይተዉና በሚለጠጥ ማሸጊያ ይሞሉት። በሲሚንቶ ከሞሉት፣ በሙቀት ጊዜ ዙሪያው ያብጥና ኮፒንጉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከዚያ የውሃው መስመር ላይ ያለው ሞዛይክ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ሰዎች ሞዛይኩን ይሰድባሉ፣ ጥፋቱ ግን የዚያች ክፍተት ነው። ወለሉም ከገንዳው ወደ ውጭ ያዘንብል፣ በሜትር 2 ሴንቲ ገደማ።

የባለጓሮው_ባለቤት
የቀለሙ ጉዳይ በባልዲ ተፈታ። አራት ባልዲ በረንዳው ላይ ተደርድሮ ጎረቤት "ዕጣ ነው ወይ?" እያለ። የእኔ ጠቆር ያለው ግራጫ ቀትር ላይ ያምራል፣ ሲመሽ ግን ጉድጓድ ይመስላል። የእሱ ሰማያዊ ደግሞ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓይን ወጋ። በመጨረሻ መካከለኛ ግራጫ የኳርትዝ ልስን ወሰድን። በውሃው መስመር ዙሪያ 15 ሴንቲ ሰማያዊ የመስታወት ሞዛይክ ሰጠሁት። በደረጃዎቹ ጠርዝ ላይ ደግሞ ነጭ መስመር አለ፤ እሱ የልጃችን ነው። ደረጃው ከላይ ሲታይ ይጠፋ ነበር።

አጥሩም ተሠርቷል። 1.20 ቁመት፣ በሩ ራሱ የሚዘጋ፣ ራሱ የሚቆለፍ። ወንበርም ከአጥሩ አጠገብ አይቀመጥም፤ ልጄ ወንበር ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች።

ቁጥር_ወዳጅ
አሁን የእኔ ክፍል ደረሰ። ውሃ መሙላት ስትጀምሩ አታቁሙ። 8 በ4፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.50፣ 48,000 ሊትር ነው። ጎማው በደቂቃ 20 ሊትር ከሰጠ 40 ሰዓት ይፈጃል። መሃል ላይ ካቆመ የውሃው አፍ የደረሰበት ቦታ ላይ ቀለበት ይቀራል። የጎማውን አፍ ጨርቅ ጠቅልሉበትና ጥልቁ ቦታ ወለሉ ላይ አስተኙት፣ ልስኑን እንዳይሸረሽር። ባዶውን ገንዳ ውስጥ በጫማ አትግቡ።

ከሞላ በኋላ በቀን ሁለቴ ግድግዳውን ቦርሹ፣ ዱቄቱ ይውጣ። አዲስ ልስን ፒኤችን (የውሃውን አሲዳማነት መለኪያ) ወደ ላይ ይገፋል፤ በየቀኑ ለኩ። የምትፈልጉት ከ7.2 እስከ 7.6 ነው። አልካሊኒቲ (ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚይዘው) ከ80 እስከ 120፣ የካልሲየም ጥንካሬ (በውሃው ያለው የካልሲየም መጠን) ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም በሊትር። አሲድ ስትቀላቅሉ አሲዱን ወደ ውሃ፣ ውሃን ወደ አሲድ በፍጹም። ጨው እስከ 28 ቀን አይግባ። ሰው ሁሉ ካልሲየም ጠላት ይመስለዋል። ካልሲየም ያነሰው ውሃ ግን ተርቦ የሚመጣው ልስናችሁ ላይ ነው።

ፓምፑ ፍጥነቱ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት ይሥራ። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚፈጀው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

ባለጓሮው · ከ11 ቀን በኋላ
ትስቃላችሁ ወይ ታለቅሳላችሁ፣ እንጃ።

ውሃው መሞላት ጀመረ። ሁለት ጎማ፣ 20 ሰዓት ብለን አሰብን። ማታ ሦስቴ ተነስቼ አየሁት፣ ልብ የሚያሳርፍ ድምፅ አለው። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሊነጋጋ ሲል ተነሳሁ፤ ጸጥ ብሏል። ሁለቱም ቧንቧዎች ተዘግተዋል። ዙሪያዬን ሳይ እናቴ በረንዳ ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። "ውሃ ከፍታችሁ ተኛችሁ እኮ፣ ልጄ። እኔ ባልነሳ ጓሮው ሁሉ ጎርፍ ነበር" አለችኝ። ምን ልበላት? "እግዚአብሔር ይስጥሽ" አልኳትና መልሼ ከፈትኩት።

ለሦስት ሰዓት ያህል ቆሟል። ጥልቁ በኩል ከጉልበት ከፍ ብሎ ፀጉር የምታህል መስመር ዙሪያውን አለች። የልስን እጅ፣ ጋሼ፣ ምን ላድርግ? ኮንትራክተሩ በአሲድ ልጠበው ይላል።

የልስን_እጅ
አሲድ ይዞ እንዳይጠጋ። ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላው ልስን ነው፣ ፊቱን ይልጠዋል። መቦረሹን ቀጥል፣ ውሃውን ቁጥር ወዳጅ ባለው ልክ ያዘው። እንዲህ ያለች ቀጭን መስመር በወራት ውስጥ ስትደበዝዝ አይቻለሁ። ሳትጠፋ የቀረችም አለች። ለማንኛውም የናይለን ቦርሽ ተጠቀም፣ የሽቦ አይደለም።

የመንትዮች_እናት
እናትህ ግን ትክክል ናቸው።

አላመንኩም
ላይነር ቢሆን ቀለበት አይኖርም ነበር። ዝም ብዬ ነው።

ቁጥር_ወዳጅ
ሌላ ነገር፣ ውሃው በየቀኑ ትንሽ ከቀነሰ ወዲያው አትደንግጥ። ባልዲ ውሃ ሙላና ደረጃው ላይ አስቀምጠው፣ የባልዲውንና የገንዳውን ውሃ ምልክት አድርግ። ከ24 ሰዓት በኋላ እኩል ከወረዱ ትነት ነው። ገንዳው ከበለጠ ያኔ ፓምፕህን አጥፍተህ ድገመውና ተመልሰህ ና። እንዲያውም ባልዲ አለህ፣ አራት።

ባለጓሮው · ከ4 ወር በኋላ
መጨረሻው ምን ሆነ ስላላችሁ ተመለስኩ።

የባልዲው ምርመራ ትነት ብቻ ነው አለ። ዴኩ ግራጫ መሆን ጀምሯል፤ ሞራሌ ባልነገረኝ ኖሮ ይሄኔ ተጣልቼ ነበር። አንድ ከባድ ዝናብ ጥሏል። በማግስቱ ውሃ ልኩን ይዤ ወጥቼ የቤቱን በኩል ለካሁ። አረፋው መሃል ላይ ነው። ፌሮውን ጋራዥ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ባለቤቴ ልትጥለው ስትል ከለከልኳት።

ቀለበቷ ደብዝዛለች፣ ግን አለች። ፀሐይ ከምዕራብ ስትመጣ እኔ ብቻ ነኝ የማያት። ባለፈው እሁድ እናቴን ዳር ላይ አስቀምጬ በጣቴ አሳየኋት። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ብዙ አየችና "የቱ ጋ?" አለችኝ።